ሱሉልታ ሮጠው ስፔን ላይ የሚመረጡ ልጆች

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሱሉልታ ሜዳ የቆመ ሰው፣ ውርጩን ችሎ ትንሽ ከጠበቀ፣ ከጉሙ ውስጥ አንድ ረድፍ ሴቶች ሲወጡ ያያል። ከፊት አንድ ወንድ አሯሯጭ፣ ከኋላው ስምንት ዘጠኝ ልጆች። አብዛኞቹን ማንም አያውቃቸውም። ከአርሲ፣ ከባሌ፣ ከሰሜን ሸዋ፣ ከጎጃም መጥተው ለሦስት ለአራት አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው። ለአስፋልት ልምምድ ወደ ሰበታ ይወርዳሉ፣ ለዳገት እንጦጦ ይወጣሉ፤ ቡራዩ ያሉትም ያንኑ ተራራ በምዕራብ በኩል ይወጡታል።

ሰሞኑን ወሬያቸው አንድ ነው፤ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ሻምፒዮና። ክለቦች፣ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች የሚፋለሙበት ይህ ውድድር ስም ለሌላት ልጅ ትልቁ በር ነው። ክለብ የሌላት ክለብ ታገኛለች፣ ክለብ ያላት ደመወዟ ሊሻሻል ይችላል፣ ማናጀርም ዓይኑን ይጥልባታል። ግን በሩ ወዴት ነው የሚያስገባው? ነገሩን በየርቀቱ ብናየው ይሻላል።

ከ10,000 ሜትር እንጀምር። በዚህ ርቀት ታሪካችን ከባድ ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1992 (እ.ኤ.አ) ባርሴሎና ላይ ወርቅ ካጠለቀች ወዲህ ጥሩነሽ ዲባባና አልማዝ አያና ተከታትለውበታል። ታዲያ አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ አገር ውስጥ አንደኛ ብትወጣ ለዓለም ሻምፒዮና ታልፋለች ማለት ነው? አይደለም። ለቶኪዮ 2025 የተጠየቀው ሰዓት 30 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነበር። አዲስ አበባ ደግሞ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ አሥር ሺህ ሜትር የምትሮጥ አትሌት በቆላ ከምታስመዘግበው ሰዓት ከአንድ ደቂቃ በላይ ልትዘገይ ትችላለች። የዓለም አትሌቲክስ ደግሞ ለከፍታ ብሎ ሰዓት አይቀንስላትም። ሰዓቱ እንደተመዘገበ ይወሰዳል፣ በቃ።

ለዚህ ነው ፌዴሬሽኑ የማጣሪያ ውድድሮችን ውጭ አገር ሲያካሂድ የከረመው። ለተሰንበት ግደይ በሰኔ 2021 በ29:01.03 የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው ኔዘርላንድስ ሄንጌሎ ላይ በተካሄደ የኢትዮጵያ ማጣሪያ ነበር። በ2023 እና በ2024 ደግሞ የ10,000 ሜትር ማጣሪያው ስፔን ኔርሃ ሄደ። አሠራሩ ምክንያት አለው፤ ውጤትም አምጥቷል። ግን ዋጋውን የምትከፍለው ማን ናት? ፓስፖርት፣ ቪዛና ማናጀር የሌላት ልጅ ናታ! ኔርሃ የሚሮጡት ቀድሞ ሰዓት ያላቸው ናቸው፤ ሰዓት ደግሞ የሚገኘው ውጭ ወጥተው ሲሮጡ ነው። ክቡ እንዲህ ይዘጋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።

በዚያ ላይ በአንድ ርቀት ለአንድ አገር የሚፈቀደው በመደበኛው ሦስት ሰው ብቻ ነው። ጉዳፍ ፀጋይ በመስከረም 2025 ቶኪዮ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አምጥታለች። ከእሷና ከእኩዮቿ ፊት ቦታ መቀማት ለአዲስ ልጅ ቀላል አይደለም። 5,000 ሜትርም ያው ነው፤ በ2022 እና በ2024 የዓለም ከ20 ዓመት በታች ሻምፒዮን የሆነችው መዲና ኢሳ እንኳ የምትጋፋው ከነባሮቹ ጋር ነው።

በሌላ በኩል 800 እና 1,500 ሜትር በር ገርበብ ያለባቸው ርቀቶች ናቸው። ርቀቱ አጭር ስለሆነ ከፍታው ሰዓቷን ያን ያህል አይጎዳባትም። ፅጌ ዱጉማ በ2024 ግላስጎው ላይ በቤት ውስጥ 800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆና፣ በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ የኦሊምፒክ ብር ይዛ ተመልሳለች። 3,000 ሜትር መሰናክልም እንዲሁ ነው፤ ሲምቦ አለማየሁ በቶኪዮ ነሐስ አግኝታበታለች። ችግሩ ሣር ሜዳ ላይ የውሃ መሰናክል የለም። ቀነኒሳ በቀለ ሱሉልታ ላይ መም ባያስገነባ ኖሮ እኮ ስንቱ ልጅ መም የሚረግጠው በውድድር ቀን ብቻ ይሆን ነበር! ይሄን ያደረገው አንድ አትሌት በግሉ ነው፤ ተቋማቱስ?

ሦስተኛው መንገድ ጎዳና ነው፤ ብዙዎቹ የሚሄዱበትም እሱ ነው። ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው። ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ስትገባ ስንቷ ልጅ «እኔም» አላለችም? ግን አንድ ነገር ይረሳል። ትዕግስት በ2016 ሪዮ የተሰለፈችው በ800 ሜትር ነበር። ወደ ማራቶን የመጣችው ከዓመታት በኋላ፣ ሰውነቷ ከጠና ወዲህ ነው። ዛሬ ግን የቤት ኪራይ የጨነቃት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ «ለዚህ ግማሽ ማራቶን ቪዛ አገኝልሻለሁ» የሚላት ሰው ከመጣ እምቢ የምትልበት አቅም የላትም። ስትጎዳ ደግሞ ሰውየው ስልክ አያነሳም።

እዚህ ላይ ከሰዓትና ከሜዳሊያ በላይ የሆነ ነገር አለ። ፓስፖርቷን፣ ውሏንና የባንክ ደብተሯን ሌላ ሰው የያዘባት ሴት አትሌት ለራሷ አትወስንም። አሰልጣኝ፣ ማናጀርና ባል አንድ ሰው ሲሆን ደግሞ አቤት የምትልበት ቦታ እንኳ የለም። ኬንያዊቷ አግነስ ቲሮፕ በጥቅምት 2021 ኢቴን በሚገኘው ቤቷ ተገድላ ስትገኝ ጎረቤቶቻችን ይህን ጉዳይ በአደባባይ ለማውራት ተገደዋል። እኛ እስኪደርስብን መጠበቅ የለብንም።

ምን ይደረግ? አንደኛ፣ በብሔራዊ ሻምፒዮናው ከየርቀቱ ቀዳሚ ሆነው ለሚጨርሱና ማናጀር ለሌላቸው ወጣቶች ፌዴሬሽኑ ራሱ ቢያንስ አንድ የቆላ ውድድር ያመቻችላቸው። ያኔ ምርጫው በሰዓት ነው ቢባል የሚከፋ አይኖርም። ሁለተኛ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ከተማው ሲስፋፋ አጥርና ግንባታ የመሮጫ ሣሩን እየበላው ነው፤ ልጆቹም ከሲኖትራክ ጋር አስፋልት እየተጋፉ ነው። የቀሩት ሜዳዎች በፕላን ላይ የስፖርት ቦታ ተብለው ይከበሩ። ሦስተኛ፣ ማንኛዋም ወጣት ከማናጀር ጋር ስትፈራረም ውሉ በምታውቀው ቋንቋ ይጻፍላት፣ አንድ ቅጂም በእጇ ይሁን።

የዘንድሮው ሻምፒዮና ጥሩ ፉክክር እንደሚያሳየን አልጠራጠርም። ማን አንደኛ እንደምትወጣ ግን ከመተንበይ፣ አሸናፊዋ በማግስቱ ሱሉልታ ወደዚያች ክፍል ስትመለስ ምን እንደሚጠብቃት መጠየቅ ይበልጣል። ሜዳሊያ አንጠልጥላ ኪራይ የምትለምን ከሆነ፣ ቀጣዩ ጉዞዋ ወዴት እንደሆነ አስቀድመን እናውቀዋለን።