«መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ»



ከጁሙዓ ሶላት በኋላ የሐኪም ማዘዣ ይዘው በር ላይ የሚቆሙትን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። አብዛኛው የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ነው፤ አንዴ ተገዝቶ የሚያበቃ ሳይሆን በየወሩ የሚፈለግ። አዋጥተን እንሰጣለን። የሚቀጥለው ወርስ?

መንግሥት ምንም አልሠራም አንልም። በአዋጅ ቁጥር 553/1999 የተቋቋመው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የሚባለው ተቋም፣ መድኃኒት በጅምላ ገዝቶ በቅርንጫፎቹ በኩል ለጤና ተቋማት ያከፋፍላል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅም መድኃኒት እንደሚደጎም ተነግሯል። መልካም ነው።

እኛ የምንሰጋው ከመጋዘኑ በኋላ ላለው መንገድ ነው። አሠራሩ ተዘዋዋሪ ፈንድ ነው፤ ታማሚው ለመድኃኒት የከፈለው ብር ተመልሶ መድኃኒት መግዛት አለበት። ጤና ተቋሙ ብሩን ለሌላ ጉድለት ካዋለው ወይም ያለበትን ዕዳ ካልከፈለ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። ኢንሱሊን ደግሞ እስኪከፈት ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ መብራት ጠፍቶ ጀኔሬተር ከሌለ እዚያው መደርደሪያ ላይ ሊበላሽ ይችላል።

ጥያቄያችን ብዙ አይደለም። እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ የትኛው መድኃኒት እንዳለው፣ የትኛው እንዳለቀበትና መቼ እንዳዘዘ በየሳምንቱ ፋርማሲው መስኮት ላይ ይለጥፍ። ለዚህ የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም፤ ወረቀትና ማጣበቂያ ይበቃል። በጤና ጣቢያ ቦርድ ውስጥ የሕዝብ ተወካይ አለ። የሰፈራችን ተወካይ ማን እንደሆነ ጠይቀን፣ ይህንኑ ይዘን እንሂድ።