ከዘሩ በፊት መለያውን
ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ወላጆች የሚጠይቁኝ «ዘረ መሉ የተለወጠ ምግብ ልጆቻችንን ይጎዳል ወይ?» እያሉ ነው። አገራችን ስለ ልውጥ ሕያዋን በአዋጅ ቁጥር 655/2001 ሕግ አውጥታ በ2007 ዓ.ም. አሻሽላዋለች፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ቢቲ ጥጥ እንዲዘራ ተፈቅዷል። የጥጥ ፍሬ ዘይት ይወጣዋልና ጥያቄው ተገቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እያንዳንዱ ለየብቻው ይመርመር፣ ተመርምረው ገበያ የገቡት ግን ጤና ይጎዳሉ ተብሎ አይጠበቅም ይላል።

እኔን እንደ ነርስ ይበልጥ የሚያሰጋኝ በሐሰተኛ የንግድ ምልክት የሚሸጠው ዘይት ነው። ልውጡን ዘር የሚመረምር መሥሪያ ቤት አለ፤ በታዋቂ ስም ተለጥፎ የመጣውን ግን ማን እንደሞላው አይታወቅም። ልጅ ቢታመም ተጠያቂ የለም። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነጋዴውን ብቻ ሳይሆን ገዢውንም ከመታለል የሚጠብቀው ለዚህ ነው።

ስትገዙ የአምራቹን ስምና አድራሻ፣ የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን እዩ፤ ዓይናችሁ ከደከመ የልጅ ልጃችሁ ያንብብላችሁ። ክዳኑ የተነካካውን ተዉት። ከተጠራጠራችሁ ዕቃውን ሳትጥሉ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ደውሉ። ባዶ ጀሪካን ለቆራሌው ስትሰጡም መለያውን ቅደዱት፤ አስመሳዩ መልሶ የሚሞላው እሱን ነውና።