ጥሩንባ ሁሉ ለእድር አይደለም

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ጧት ቡናዬን ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። እዚሁ ማሪዬታ የሚኖሩ፣ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ ሰው ናቸው።

«ስማኝማ፣ ጥሩንባ ልገዛ ነው፤ አብረኸኝ ትሄዳለህ» አሉኝ።

«ምነው ጋሼ፣ እድራችን ነፊ አጣ እንዴ?» አልኩና ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ቀልዴ ቦታውን እንደ ሳተ የገባኝ ያኔ ነው።

ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ጥሩንባ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው ገና ሳይነጋ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ የሚቀሰቅሰው የእድር ጥሩንባ ነው፤ ጎረቤት ሞቷል ውጡ የሚለው። በፖለቲካው ቋንቋ ደግሞ ጥሩንባ ነፊ ስድብ ነው፤ እዚህ ስደት ላይም ነፊ አላጣንም። ስለዚህ ለስላሳ ጥሩንባ ሲሉን ለስላሳ ነጐድጓድ ያሉን ያህል ግር ይለናል። የጋሼ ጥያቄ ግን ይኸው ነበር። ለጃዝ የሚሆን፣ የማይጮህ፣ ትንሽ ክፍል ውስጥ ሰው ሳያባርር የሚነፋ ትራምፔት የትኛው ነው?

ጋሼ ከቀድሞው ጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች በአንዱ ትራምፔት ነፊ ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ኬንያ ተሰደዱ፤ ናይሮቢ ላይም የቤት ኪራይ ሲያጥራቸው ትራምፔታቸውን ሸጡ። «ሸጥኳት» ነው የሚሉት፣ እንደ ሰው። ከዚያ ወዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከንፈራቸው ነሐስ አልነካም። አሁን ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሌሊት ሌሊት በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ይሠራሉ። የላይኞቹ የፊት ጥርሶቻቸው ሰው ሠራሽ ናቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ 1,200 ዶላር አጠራቅመዋል። ባለቤታቸው ነገሩን ሲሰሙ «በዚህ ዕድሜ ጥሩንባ?» ብለው ሦስት ቀን አኩርፈዋል።

እኔን የፈለጉኝ በጋዜጠኝነት ዘመኔ ስለ ሙዚቀኞች ስለ ጻፍኩ፣ ውጭ አገር ስማርም በዩኒቨርስቲው ባንድ ውስጥ ሦስተኛ ትራምፔት ስለ ነፋሁ ነው። ሦስተኛ የሆንኩት አራተኛ ስላልነበረ መሆኑን ለጋሼ አልነገርኳቸውም።

ወደ ሱቁ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ላስታውስ። ይህ መሣሪያ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለአፄ ምኒልክ የነሐስ መሣሪያዎች ልከዋል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ባንድ ሰምተው አርባውንም ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። አርባ ልጆች የምንላቸው እነሱ ናቸው፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ስማቸው የሚነሣ ነው። ክብር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ሁሉም ኦርኬስትራ ነበራቸው። በ1960ዎቹ የተቀረጹትን ሸክላዎች ያዳመጠ ሰው ከዘፋኙ ኋላ የሚያጅበውን ነሐስ ያውቀዋል። ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ ሰዓት እላፊው የሌሊት ክበቦቹን አዳከመ፤ ኪቦርድ ገባ፤ አንድ ሰው በአሥር ጣቱ የአምስት ነፊ እንጀራ በላ። ዛሬ በየምግብ ቤታችን መድረክ ላይ የሚሰማው ትራምፔት አብዛኛውን ጊዜ ከኪቦርዱ የሚወጣ ነው። ኪቦርዱን አልጠላም። ግን አይተነፍስም።

የሄድንበት ሱቅ ያገለገለ መሣሪያ የሚሸጥ ነው፤ ምንቃሩን ከሚከፍተውና ከሚዘጋው ከማሪዬታው ትልቅ ዶሮ ብዙም አይርቅም። ሻጩ ሽማግሌ አሜሪካዊ ናቸው። «ሞቅ ያለ፣ ጠቆር ያለ ድምፅ እንፈልጋለን» አልናቸው፤ ሦስት ትራምፔት ጠረጴዛው ላይ ደረደሩልን።

አንደኛው ባክ ስትራዲቫሪየስ፣ ሞዴል 37 ነበር፤ 1,350 ዶላር። በአሜሪካ ኦርኬስትራም ባንድም ውስጥ የታወቀ፣ ጠንካራና የታመነ መሣሪያ ነው። ሁለተኛው ያማሃ 4335ጂ፤ ከተማሪ ከፍ፣ ከባለሙያ ዝቅ የሚል ደረጃ ያለው፤ 650 ዶላር። ቤል የሚሉት ሰፊው አፉ ከወርቃማ ነሐስ የተሠራ ነው። የተለመደው ቢጫ ነሐስ ከመቶ 70 እጁ መዳብ፣ 30 እጁ ዚንክ ሲሆን ወርቃማው ላይ መዳቡ ወደ 85 ከፍ ይላል፤ መዳብ ሲበዛ ድምፁ ሞቅ ይላል ይላሉ ሠሪዎቹ። ሦስተኛው ግን የጋሼን ዓይን ይዞ አልለቀቀም፤ ኢንዲያና ክፍለ ሀገር፣ ኤልክሃርት ከተማ ይሠራ የነበረው አሮጌው ማርቲን ኮሚቲ። ማይልስ ዴቪስ፣ ዲዚ ጊሌስፒ፣ ሊ ሞርጋን፣ ቼት ቤከር የነፉት ሞዴል ነው። ዋጋው 1,900፤ ፒስተኖቹ አልቀው አየር ያሾልካሉ፤ መጠገኛው ለብቻው ብዙ መቶ ዶላር።

ጋሼ ጀርባቸውን ሰጡንና ነፉ። መጀመሪያ አየር ብቻ ወጣ። ከዚያ የተሰነጠቀ ድምፅ። ከዚያ አንድ ረጅም ኖታ፣ ወዲያው የትዝታ ቅኝት አምስቱ ድምፆች እየተከታተሉ። ሻጩ የሚጽፉትን አቁመው ቀና አሉ።

ባኩን ነፍተው ሲያስቀምጡ «ይቺ ትከራከራለች» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ላስረዳ። አንዳንድ ትራምፔት ኖታውን ጨብጦ አይለቅም፤ ሃያ ሰው አብሮ ለሚነፋበት ኦርኬስትራ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። የእኛ ዜማ ግን ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሄድ እየተንሸራተተ፣ እየተለመጠ ነው፤ ቅላጼ የምንለው ያለው በኖታና በኖታ መካከል ነው። የጃዝ ሰዎችም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ማርቲኑ የተወደደው ከንፈር ላላ ሲል አብሮ ስለሚለመጥ ነው። ነፍስ ይማር ጌታቸው መኩሪያ በሳክስፎን ሽለላና ፉከራ ሲያሰሙ መሣሪያውን ወደ ጉሮሮአቸው አመጡት እንጂ ጉሮሮአቸውን ወደ መሣሪያው አልወሰዱም። ስለዚህ ለለስላሳ ድምፅ ትራምፔት የሚመርጥ አበሻ ከጌጡና ከስሙ በፊት ይህን ይጠይቅ፤ ሲለምኑት እሺ ይላል ወይስ ይከራከራል?

ያማሃው እሺ አለ፤ እንደ ማርቲኑ ባይሆንም እሺ አለ።

ቀጥሎ ፈተና አደረግን። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ፤ ጋሼ ባኩንና ያማሃውን እያቀያየሩ ነፉ። አፈርኩ፤ ከስድስት ጊዜ ሦስቱን ሳትኩ። ከዚያ ሻጩ ማውዝፒሱን ለወጡ፤ ከንፈር የሚያርፍበትን ያችን ትንሽ ዋንጫ ማለቴ ነው። ይህንን ግን ስድስቱንም ጊዜ ለየሁት። ከተማሪ ትራምፔት ጋር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ባክ 7ሲ ነው። በባክ አጠራር ቁጥሩ ሲያንስ ዋንጫው ይሰፋል፤ ፊደሉ ከሲ ወደ ቢ ሲሄድ ዋንጫው ይጠልቃል፤ ሲጠልቅም ድምፁ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል። ያለ ዋጋ አይደለም፤ ላይኛው ድምፅ ይከብዳል፣ ከንፈርም ቶሎ ይደክማል። ሆኖም ከመቶ ዶላር በታች የሚገዛ ዕቃ የሁለት ትራምፔት ልዩነት ያህል ሲሠራ በጆሮዬ ሰማሁ።

ፍሉገልሆርንም ጠይቀን ነበር። ቱቦው በአብዛኛው እየሰፋ የሚሄድ፣ በተፈጥሮው ለስላሳ መሣሪያ ነው፤ ማይልስ እ.ኤ.አ. በ1957 «ማይልስ አሄድ» የተባለውን አልበም የሠራበት። ጋሼ ግን አልፈለጉም። «እኔ የሸጥኩት ትራምፔት ነው» አሉ።

ቀሪው የጥርስ ነገር ነበር። መኪና ውስጥ ሆነን የፈሩትን አወጡት። «በዚህ ጥርስ ይሆናል ብለህ ነው?» እኔም የቼት ቤከርን ታሪክ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1966 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተደብድቦ ጥርሱ ተጎዳ፤ በሰው ሠራሽ ጥርስ መንፋትን እንደ ገና ከሀ ሁ ጀምሮ በ1970ዎቹ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ1988 አምስተርዳም ላይ እስኪሞት ድረስም ነፋ። ከዓለም ለስላሳ ትራምፔቶች አንዱ የእሱ ነው። ጋሼ ትንሽ ዝም ብለው «እንግዲያው ጥርሴን ሰበብ አላደርጋትም» አሉ።

ያማሃውን ገዙ። ጠለቅ ያለ ማውዝፒስ፣ የፒስተን ዘይትና ለልምምድ የሚሆን ማፈኛ ጨመሩ። ከ800 ዶላር በታች ወጣ። የተረፈውን ጥርሱን ለሚያስተካክለው ሐኪም አስቀመጡ። ከመውጣታችን በፊት ማርቲኑን አንድ ጊዜ በእጃቸው ደባበሱት። «ይቺ ለወጣት ናት፤ የሚያሳክማት ያግኝ» አሉ። ያን ጊዜ ፊታቸውን ማየት አልፈለግሁም።

ያገለገለ ለምትገዙ ሁለት ምክር ብቻ። ፒስተኑን ሳትጫኑ ሦስተኛውን ቱቦ ሳብ አድርጉና ከዚያ ፒስተኑን ተጫኑት፤ «ጶ» ካለ አየር አያሾልክም፤ ዝም ካለ ሻጩን ተሰናበቱ። አየር በሚገባበት ቱቦ ላይ ሮዝ ነጠብጣብ ካያችሁም ነሐሱ ከውስጥ እየተበላ ነው፤ አትንኩት። ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ባንድ ወረቀት ይዞ ሲመጣም ይኸው ምክር ይሠራል፤ ከስም በፊት ፒስተን።

ጋሼ አሁን የሚለማመዱት በሚሠሩበት የመኪና ማቆሚያ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በእረፍታቸው፣ የገዛ መኪናቸው ውስጥ መስኮቱን ዘግተው። ባለፈው ሐሙስ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ደወሉልኝ። «ስማ» አሉና ስልኩን አስቀመጡ። ስምንት ኖታ ያህል ሰማሁ፤ ቀስ ያለ፣ ጠቆር ያለ፣ መጨረሻው ላይ ለመጥ ያለ። ከዚያ ተቋረጠ፤ ሳቃቸው መጣ። «ጥርሴ ወጣች!» ባለቤታቸውም ከኩርፊያው ተመልሰዋል፤ «ደግሞ ቤት ውስጥ የማይነፋው ለምንድን ነው?» እያሉ ነው አሉ።

ውድ አንባብያን፣ በየአልጋችን ሥር የተኛ መሣሪያ፣ በየሥራ ልብሳችን ውስጥ የተደበቀ ሙዚቀኛ ስንት ይሆን? አንዳንዱ የሚያጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ አብሮት ሱቅ የሚሄድ ሰው ነው። የምታውቁት ካለ ደውሉለት።

ቸር ይግጠመን።