የኢትዮጵያ ጌም በኮሚክ ይታገዝ

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚገባ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጫወተው ኳስ ነው። የተሸነፈ ጆይስቲኩን ለባለተራው አስረክቦ ይነሳል። ሠላሳና አርባ ሰዓት የሚፈጅ የሳይንስ ልብ ወለድ ጌም በዚህ ዓይነት ተራ አይዘለቅም። ስለዚህ የዓለም ወጣት የሚከራከርባቸው ታላላቅ የጌም ታሪኮች ምዕራብ ጎጃም ሳይደርሱ ይቀራሉ።

ከእነዚህ አንዱ የካናዳው ባዮዌር እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረው «ማስ ኢፌክት» ነው። በ2010 በወጣው ሁለተኛ ክፍል ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ አዛዥ ሼፐርድ፣ ገና በመግቢያው ይሞታል፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ነፍስ ይዘራል። እስከዚያ አስከሬኑ በማን እጅ ነበር? ይህን በዝርዝር የሚተርከው ዳርክ ሆርስ በዚያው ዓመት በአራት ክፍል ያሳተመው «ሪደምፕሽን» የተባለ ኮሚክ ነው። የሼፐርድ ወዳጅ ሊያራ፣ ፌሮን ከሚባል አጋሯ ጋር ሆና፣ አስከሬኑን ከሻጮች እጅ ለማስጣል ትታገላለች። ኋላ ፌሮን ጌሙ ውስጥ እስረኛ ሆኖ ብቅ ሲል፣ እንዴት እንደተያዘ ቀድሞ የሚያውቀው ኮሚኩን ያነበበ ሰው ነው።

«ጀነሲስ» የተባለው ሌላው የማስ ኢፌክት ኮሚክ ደግሞ ከዚህም ይልቃል። የመጀመሪያው ጌም ለፕሌይስቴሽን 3 ገና ስላልወጣ፣ በ2011 ሁለተኛው ወደዚህ መጫወቻ ሲመጣ ታሪኩን የሚያስጨብጥ በስክሪን የሚታይ ኮሚክ ተሠራ። ተጫዋቹ ሥዕሎቹን እየተከተለ ከሁለት ባልደረቦች የትኛው እንደሚተርፍ ይወስናል፤ ውሳኔውም ወደ ጌሙ ይሻገራል። ገበያ ለማሟሟቅ ብቻ የሚታተሙ ኮሚኮች ሞልተዋል። ቁም ነገር ያላቸው ግን እንደነዚህ ያሉት፣ ጌሙ የተወውን ክፍተት የሚሞሉት ናቸው።

ሙያው በእኛም አገር አለ። የብስራት ደበበ ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ «ሃዊ» ተከተለች። በዚያው ዓመት አካባቢ የዳዊት አብርሃም ቀኔ ጌምስ፣ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮን ታሪክ የያዘውን «ኩኩሉ» የስልክ ጌም አወጣ። ዶሮዋ ከየት መጣች? ካመለጠችስ በኋላ የት ትገባለች? ሠላሳ ገጽ ኮሚክ ይህን ለመንገር ይበቃል፤ ለአንድ ትልቅ ጌም ከሚወጣው ገንዘብ ጋር ሲተያይ ወጪው ኢምንት ነው።

ወረቀት ሌላም ጥቅም አለው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያኔ ጌም ማውረድ የማይታሰብ ነው፤ የታተመ ኮሚክ ግን ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ መብራት ሲጠፋም አይቋረጥም። ታሪክን በሥዕል መከታተልም ለአገሩ ሰው ባዕድ አይደለም። የዘጌ ገዳማት ግድግዳዎች የቅዱሳንን ገድል ትዕይንት በትዕይንት ይተርካሉ፤ የንግሥተ ሳባም ታሪክ በየሣጥኑ ተከፍሎ በተርታ ሲሣል ኖሯል።

የታሪክ መቼትም አይጠፋም። የዓባይ ምንጭ ግሽ ዓባይ በሰከላ አለ፤ ቡሬ ከበቆሎ ማሳዎቿ ጎን የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተተክሎባታል። ከመቶ ዓመት በኋላ ያንን ውኃና ያንን እህል ማን ይጠብቀዋል ብሎ የሚነሳ የሳይንስ ልብ ወለድ፣ ለምዕራብ ጎጃም ልጅ ከሩቅ ከዋክብት ጦርነት ይበልጥ ይቀርበዋል።

ስለዚህ ጌም ሠሪዎችና የኮሚክ ሠዓሊዎች አንድ ጠረጴዛ ይክበቡ፤ የመጀመሪያውን እትም በአማርኛ፣ በቀጭን ወረቀት፣ በተማሪ አቅም ዋጋ ያውጡ። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮችም ከደብተሩ ጎን ይደርድሩት።