ለኪነትም የገበያ ቀን ይቆረጥላት

ደሴ ውስጥ ድምፄን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ መልኬን የሚያውቅም እንደዚያው። ሥራዬ ማስታወቂያ ነው። ፒክአፕ ላይ ሁለት ሞንታርቦ አስሬ፣ እኔ ከሾፌሩ ጎን ማይክ ይዤ፣ ከሸዋ በር እስከ ቧንቧ ውሃ፣ ከፒያሳ እስከ ሙጋድ ስጮህ ዓመታት አልፈዋል። የክትባት ዘመቻ አውጄያለሁ፤ የጠፋ ልጅ አፈላልጌያለሁ፤ የሱቅ ምርቃት አድምቄያለሁ። እንጀራዬ ግን በአብዛኛው ሁለት ቃል ነው፦ «ዛሬ ማታ!»

ሥራው የራሱ ሥርዓት አለው። አዛን ሲጀምር ሞንታርቦው ይጠፋል። የለቅሶ ድንኳን ከሩቅ ከታየ ይጠፋል፤ አንዴ ሳላይ ቀርቼ የቴአትር ማስታወቂያ አስተዛዛኞች መሃል ይዤ ገብቼ ያፈርኩትን ዛሬም አልረሳውም። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉሙን ከተማዋ ላይ ሲለቀው ደግሞ መኪናዋ ሳትታይ ድምፄ ብቻ ይሰማል። ያኔ ሾፌሩን ቀስ በል እለዋለሁ። ከጉም ውስጥ ስሙን የሚጠሩት የሚመስለው ሰው ቆም ብሎ ያዳምጣል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ያላወጅኩት ነገር ቢኖር ገበያ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ባቲ አለች። ሰኞ ሰኞ አፋሩ ግመሉን እየነዳ ከቆላ ይወጣል፤ ኦሮሞውና አማራው ከደጋው እህሉንና ከብቱን ይዞ ይወርዳል። ፖስተር የለጠፈ የለም፤ በማይክ የጠራ የለም። ሰኞ ነዋ! እዚሁ ደሴም ሰኞ ገበያ የሚባል ሰፈር አለን። አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ሮቢት በረቡዕ፣ ሐሙሲት በሐሙስ ይጠራሉ። ቀኑ ለቦታው ስም እስኪሆን ድረስ ሕዝቡ ሳይጠራ ይመጣል።

ኪነታችን ግን ቀን የላትም። ስትመጣ እንደ ድንገተኛ እንግዳ ነው፤ ከሄደች በኋላ መጥታ እንደነበር የሚሰማው ይበዛል። ይህን የምለው ከዚህ አለቀጠሮ አመጣጥ እንጀራዬን የበላሁ ሰው ነኝና፣ ቅንነቴን አንባቢ ይመዝነው። ቋሚ ቀን ካለ እኔን ማን ይቀጥረኛል?

የሚገርመው ይህ የሚሆነው ወሎ ላይ መሆኑ ነው። ባህላዊ ዘፈናችን የሚቃኝባቸው ዋና ዋናዎቹ ቅኝቶች አራት ናቸው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። ከአራቱ ሁለቱ የጎረቤቶቻችን ስም ናቸው። ባቲን ከላይ ጠቅሻታለሁ፤ አምባሰል ደግሞ ከሐይቅ ወዲያ፣ ግሸን ማርያም ያለችበት አገር ነው። ማሪቱ ለገሠ አምባሰልን ስታወጣው የሰማ ሰው፣ አዲስ አበባም ይኑር ዋሽንግተን፣ ልቡ ወደዚህ ተራራ ይመጣል። እዚህ ደሴ ላይ ግን አንድ እንግዳ ከአውቶቡስ ወርዶ «ወንድሜ፣ አምባሰል በክራር የት እሰማለሁ?» ቢለኝ፣ እኔ የማስታወቂያው ሰው፣ መልስ የለኝም። «ስልክህን ስጠኝና ካለ እደውልልሃለሁ» ነው የምለው።

ያለን ትርዒት ምን ዓይነት ነው? አብዛኛው ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር አቋርጦ የሚመጣ ነው። አዘጋጁ አዳራሽ ወይም ሆጤ ሜዳን ይከራያል፣ ፖስተር ያስለጥፋል፣ እኔን ይጠራል። አንድ ሌሊት ይደምቃል፤ በማግስቱ በሐረጎ ቁልቁለት ወደመጣበት ይወርዳል። ይምጡ፤ እኔም ቴአትር እወዳለሁ፣ ኮንሰርትም እወዳለሁ። ግን እንዲህ ያለው ነገር ሲበላሽ ተጠያቂ አይገኝለትም። አንድ ጊዜ ስሙን የማልጠራው አዘጋጅ፣ ስሙን የማልጠራው ዘፋኝ ይመጣል ብሎ ሦስት ቀን አስጮኸኝ። ሰዉ ትኬቱን ቆርጦ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ቆመ። ዘፋኙ አልመጣም፤ አዘጋጁም በየት በር እንደወጣ አልታወቀም። እኔ ግን እዚሁ ነኝ።

ከሳምንት በኋላ ሰኞ ገበያ ሽንኩርት ስገዛ «በኪሎ ስንት ነው እማማ?» አልኩ። ሴትዮዋ ሚዛኑን እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ።

«ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ። አንተ አይደለህ እንዴ ይመጣል ያልከን?»

«እኔ ነኝ እማማ፤ እኔም ተታልዬ ነው።»

«ወላሂ ልጄ ከደመወዟ ቆጥባ ነው የገባችው» አሉኝ። ሽንኩርቱን ግን አላጎደሉብኝም፤ እንዲያውም አንድ ራስ ጨመሩልኝ። «አብሽር፤ ሁለተኛ ግን ያላየኸውን አትጥራ።»

ያላየሁትን አለመጥራት ለማስታወቂያ ሰው ከባድ ምክር ነው። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ የማስተዋውቀውን ትርዒት ገብቼ ማየት ልማድ አደረግሁ። በዚህ ምክንያት ነው አንድ የሐምሌ ማታ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ የከተማችን ወጣቶች ያዘጋጁት የባህል ምሽት ላይ የተገኘሁት። ተመልካቹን ቆጠርኩ፤ ከእኔ ጋር 17 ነን። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮ፣ ሁለት ተወዛዋዦች። ልጆቹ በትዝታ ጀምረው ወደ ባቲ ለመሻገር ሲፈልጉ ክራሩ መቃኘት ነበረበት። ክራር መቺው ልጅ ጆሮውን ወደ ክራሩ ዝቅ አድርጎ አንዱን አውታር ላላ፣ ሌላውን ጠበቅ ያደርጋል፤ ነካ ያደርገዋል፣ አይሆንም፤ እንደገና ያጠብቃል። ከዝናቡ የተነሳ የራሱን ክራር መስማት አቅቶታል። የመድረክ መሪው ጊዜ ለመግደል የማያስቅ ቀልድ ያወራል።

ፊት ወንበር ላይ ሽርጥ ያገለደሙ አንድ አባት ነበሩ። ድንገት «ዝም በሉለት!» አሉ። ቀልደኛውም ዝም አለ፤ ሁላችንም ዝም አልን። ልጁ ክራሩን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ሲነካው እሳቸው በአፋቸው፣ ቃል በሌለው ዜማ፣ ባቲን አንጎራጎሩለት። ልጁ ድምፃቸውን ተከትሎ አውታሩን አገኘው። ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ በኋላ የተዘፈነውን ብዙ አላስታውስም፤ ያቺ የቅኝት ደቂቃ ግን በሕይወቴ ካየኋቸው ትርዒቶች ሁሉ ትበልጥብኛለች።

በሚቀጥለው ሳምንት ሽማግሌው ተመልሰው ቢመጡ ኖሮ? ልጁስ ጠብቋቸው ቢሆን? የሚቀጥለው ሳምንት ግን አልነበረም። የሚቀጥለው ምሽት የተዘጋጀው ከስንት ወር በኋላ ነበር፤ ሽማግሌው በየት ይሰማሉ?

አዳራሽ የለንም የሚለውን ሰበብ እኔ አልቀበልም። ወሎ ባህል አምባ አለ። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት የነበረው አይጠየፍ አዳራሽም አለ፤ ስሙ ራሱ ማንንም አይጠየፍም እንደማለት ነው፤ ለኪነት ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል? ሙያም አልጠፋም። የወሎ ላሊበላ ኪነት በደርግ ዘመን አገር ያወቀው ቡድን ነበር። በየቀበሌውም ኪነት ነበር። መፈክሩ እንዳሰለቸን አልክድም፤ ግን እነዚያ የቀበሌ ልጆች የልምምድ ቀንና ሰዓት ነበራቸው። ጆሮ የሚሠራው እንደዚያ ነው፤ በየሳምንቱ።

ቀን ያለው ነገር እንዴት እንደሚሞላ ማየት የፈለገ ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ ይምጣና ኳስ ማሳያ ቤቶቹን ይይ። የእንግሊዝን ሊግ ማንም በሞንታርቦ አላወጀልንም። አርሴናል ስንት ሰዓት ከማን ጋር እንደሚጫወት ግን የታክሲ ረዳቱ በቃሉ ያውቀዋል፤ ከፍሎ ገብቶ አግዳሚ ላይ ተጣቦ ይቀመጣል። ማንቸስተር ቀኑን አክብሮ ሲመጣ የኛ ማሲንቆ በቀጠሮዋ የማትገኝበት ምክንያት አይገባኝም።

ታዲያ የትኛው ቀን ይሁን? ብዙ አስቤበታለሁ። ቅዳሜና እሑድ ሰርግና ኳስ ይዘውታል። ሰኞ ገበያ ነው፤ ከገጠር የመጣው ሳይመሽበት መመለስ አለበት። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ዓርብ ጁምዓም አለ። ሐሙስ ማታ ለዱዓ ወዳጃ የሚቀመጠው ብዙ ነው። የቀረችው ማክሰኞ ናት። ማክሰኞ ማለት የሰኞ ማግስት ማለት ነው፤ ነጋዴው ትናንት ሸጦ ኪሱ ውስጥ ጥቂት ብር አለችው። የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ አለ የሚለኝ ካለ፣ ዋና ዋናዎቹ ጨዋታዎች ከምሽቱ 4 ሰዓት ወዲያ ናቸው፤ እኛ በ11 ሰዓት ጀምረን 1 ሰዓት ላይ እንጨርሳለን። ከመሸ ባጃጁ እጥፍ ይጠይቃል፤ እናቶችና ተማሪዎችም አይመጡም። ኪነት ሌሊት ካልሆነ አይጥምም የሚለው አስተሳሰብ የመጠጥ ቤት ነው።

ትኬቱ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ይሁን። አንድ ማክሰኞ ማሲንቆ፣ አንድ ማክሰኞ የትምህርት ቤት ልጆች ቴአትር፣ አንድ ማክሰኞ ግጥም፣ አንድ ማክሰኞ ያልጨረሱትን ዘፈን የሚሞክሩ ጀማሪዎች። ዐቢይ ጾም ሲገባ ዘፈኑ ያርፍና በገና ይገባል። ረመዳን ላይ 11 ሰዓት ለማፍጠር የሚጣደፉበት ሰዓት ስለሆነ ሰዓቱ ይገፋ፤ መንዙማ ከተራዊህ በኋላ ይሁን። ወሎ ሁለቱንም አብሮ ሲሰማ የኖረ አገር ነው፤ ይህን ከማንም አንማርም።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው «በሦስተኛው ማክሰኞ 10 ሰው ነው የሚመጣው» አለኝ። እኔም እንደዚያ እገምታለሁ። እንዲያውም ስድስት ቢሆኑ አልደነቅም። ከዚህ የባሰው በስድስቱ ፊት ለመዝፈን የሚያፍር ዘፋኝና፣ ስድስት ሰው አይቶ «አልተሳካም» ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ ኃላፊ ነው። ባቲ ገበያም አንድ ሰኞ ላይ ሁለት ፍየልና አንድ ቁና ማሽላ ይዞ የጀመረ ይመስለኛል። ገበያው ባዶ ነው ብሎ የሰረዘው ስላልነበረ ቆየ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው መልሴ አጭር ነው፦ በየዓመቱ ለአንድ ቀን ፌስቲቫል የሚወጣው የድንኳን፣ የቲሸርትና የባነር ወጪ ብዙ ማክሰኞዎችን ያስተዳድራል። ባነሩን ስንት ጊዜ እንደሰቀልኩት እኔ አውቃለሁ፤ በማግስቱ የድንች ጆንያ መሸፈኛ ሆኖ ነው የማገኘው።

ከእኔ በኩል የሚጠበቀውን ልናገር። ማክሰኞ የተባለ እንደሆነ፣ ለመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ሞንታርቦውን በነፃ አወጣለሁ፤ ነዳጁም ከኪሴ ነው። መጀመሪያ የማቆመው ሰኞ ገበያ፣ ሽንኩርት ተራ ፊት ለፊት ነው። ለአምስተኛው ግን አትጥሩኝ።