ከሕንፃው በፊት ዘሩ ይታሰብ

ኩታበር ከደሴ ብዙም አትርቅም። የግብርና ምርምር ግን ይርቃታል። በወሎ ለረጅም ዓመታት ያገለገለው የሲሪንቃ ምርምር ማዕከል የሚገኘው ከወልድያ አጠገብ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስሙ በይበልጥ የሚነሣውም በማሽላ ነው። የኩታበር፣ የደላንታና የለጋምቦ ደጋ በአንጻሩ በልግ የሚጠብቅ የገብስ፣ የስንዴና የድንች አገር ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በሲሪንቃ ላይ ያደረሰው ዝርፊያና ውድመትም የአካባቢን ዘር በአንድ ማዕከል ብቻ ማስቀመጥ አደገኛ መሆኑን አሳይቷል።

በእነዚህ ደጋዎች ጥቅም ላይ ያልዋለ ቦታ ለምርምር ይሰጥ ቢባል፣ የመጀመሪያው ንድፍ የቢሮ ሕንፃ መሆን የለበትም። ስሌቱ ቀላል ነው። ለአንድ ሄክታር ድንች 20 ኩንታል ያህል ዘር ያስፈልጋል። ይህን ከሆለታ ጭኖ ኩታበር ማድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ጉዞ ነው። የመኪናውን ኪራይ የሚከፍለው መጨረሻ ላይ ገበሬው ነው፤ ካልቻለም የዓምናውን በሽተኛ ዘር ይተክላል።

ጦም ያደረ መሬት እዚህ ላይ ዋጋ አለው። ድንችን የሚያጠወልገው ባክቴሪያ በአፈር ውስጥና ጤነኛ በሚመስል ዘር ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። ለዓመታት ድንች፣ ቲማቲምና በርበሬ ያልተተከለበት ቦታ፣ አፈሩ ተመርምሮ ንጹሕ ከተገኘ ለዘር ብዜት ተመራጭ ነው።

ሆኖም ባዶ መሬት ሁሉ ባለቤት አልባ አይደለም። የመንደሩ ከብት የሚግጥበት፣ ሣር የሚታጨድበት ሊሆን ይችላል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለተነሺዎች ካሣ እንዲከፈል ያዛል። ይህ ሳይፈጸም አጥር ቢታጠር ማዕከሉ ከነዋሪው ጋር በጠብ ይጀምራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። በቅድሚያ የአፈር ምርመራና የካሣ ስምምነት፣ ቀጥሎ የሙከራ ማሳና ዘሩ በልግ እስኪደርስ በደንብ የሚያቆጠቁጥበት ብርሃን የሚገባው መጋዘን፣ ከዚያ የጭነት መኪና የሚገባበት መንገድ፣ በመጨረሻ ቢሮ።

ነጋዴውና ባለሀብቱም ከዳር ቆመው ማየት አይገባቸውም። ማዕከሉ መነሻ ዘር ያወጣል እንጂ አገር አያዳርስም። ከገበሬ ማኅበራት ጋር ተዋውሎ ዘር የሚያባዛ፣ የሚያከማችና የሚያከፋፍል ከሌለ፣ ጥሩው ዝርያ ከምርምር ማሳው አጥር አይወጣም።