መጋዙ ለአዋቂ፣ ሮኬቱ ለልጅ

ከአሜሪካ የመጣች አክስት ለልጆቻችሁ የሞዴል ሮኬት መሥሪያ ይዛ መጥታ ይሆናል። ሞተሩ ባሩድ ስላለበት በመንገደኛ ሻንጣ አይገባም፤ የወረቀት ቱቦው፣ የባልሳ እንጨት ክንፎቹና አፍንጫው ግን ይገባሉ። ለመደርደሪያ ጌጥ ብቻ እንኳ ቢሆን፣ መገጣጠሙ የአንድ ቅዳሜ ደስታ ነው።

ፈተናው የሚመጣው ቱቦውን ማሳጠር ሲያስፈልግ ነው። 24.8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የታወቀው የኤስተስ ቱቦ ግድግዳው ከግማሽ ሚሊ ሜትር ይሳሳል። የኤሌክትሪክ መጋዝ ባዶውን ካገኘው ይጨፈልቀዋል፤ ጫፉንም ያንጨባርረዋል። ጫፉ ከተንሻፈፈ ደግሞ አፍንጫው ቀጥ ብሎ አይቀመጥም።

“አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ” የሚባለው እዚህ ይሠራል። መጀመሪያ የሚቆረጠው ቦታ ላይ የወረቀት ፕላስተር ዙሩበት። ከዚያ ጠርዙ ቀጥ ያለ ወረቀት ጠምጥሙበት፤ የወረቀቱ ጠርዝ ዞሮ ከራሱ ጋር ሲገጥም በእርሳስ አስምሩ። ቱቦው ውስጥ በልኩ የሚገባ ክብ እንጨት አስገቡ፤ ከቱቦው ጋር አብሮ ይቆረጣል፣ ግድግዳውንም ደግፎ ይይዛል።

ለቁርጡ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ቤቶች የሚጠቀሙበት፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርደው መጋዝ ይመቻል። ጥርሱ የደቀቀ ይሁን። ቱቦው በእጅ ሳይሆን በማሰሪያ ይያዝ፤ አለበለዚያ ሊሽከረከር ይችላል። የዓይን መነጽር ይደረግ። መጋዙ ከመስመሩ 1 ሚሊ ሜትር ወጣ ብሎ በዝግታ ይውረድ፤ ምላጩ ፈጽሞ ሳይቆምም አይነሳ።

ይህን ሁሉ አባት ወይም እናት ከሠሩት ግን ልጁ ተመልካች ሆኖ ይቀራል። የምሠራው ማርኬቲንግ ነው፤ ሰው እጁ ያረፈበትን ነገር የራሴ እንደሚል በየቀኑ አያለሁ። ስለዚህ መለካቱና ማስመሩ የልጁ ይሁን። መጋዙ ሲሠራ ራቅ ብሎ ይቁም፤ ከዚያ ቱቦውን መልሳችሁ ስጡት። ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ በተለጠፈ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቱቦውን ቀጥ አድርጎ እያዞረ እስከ መስመሩ ይሞርደው። የቀረችው 1 ሚሊ ሜትር የእሱ ድርሻ ናት፤ ቁርጡን ንጹሕ የምታደርገውም እሷው ናት።

በመጨረሻ እናንተ ጠርዙን ቀጭን ሱፐር ግሉ ቀቡትና ይጠንክር። እንግዳ መጥቶ “ይህን ማን ሠራው?” ሲል፣ መልሱን ለልጁ ተዉለት።